ክራንቼን ተቀብለው ደረጃ ስላስወጡኝ ኃላፊ

ቀን፦ ሰኔ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለከተማው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቡራዩ

ጉዳዩ፦ በቀዶ ሕክምና የተጠገነ ጉልበቴ በሥራ ቦታ ዳግም ስለመጎዳቱና ያለአግባብ ከሥራ ስለመሰናበቴ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በከተማችን በሚገኝ የካርቶን ፋብሪካ ለዘጠኝ ዓመት በማሸጊያ ክፍል የሠራሁ ስሆን፣ የደረሰብኝን በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. ታኅሣሥ 5 ቀን በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ሳለ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ተድላ «የቀረ እንደለቀቀ ይቆጠራል» ብለው በስልክ ስላስነገሩን ወደ ሥራ በእግሬ ወጣሁ። ተኩስ ሲሰማ ሁሉም ሮጠ። እኔም ስሮጥ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ፤ የቀኝ ጉልበቴ ጅማት ተበጠሰ። ጥር 12 ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ።

2. ከዚያ በኋላ ጭኔ ሟሽሾ የልጅ ክንድ አከለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወይዘሮ ራቢአ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን፣ ደረጃ ስወጣ በደህናው፣ ስወርድ በታመመው እግር መጀመርን አስተማሩኝ። ጎረቤቴ ገለቴ በየጠዋቱ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ክንዴን ይዛ፣ እንዳልቸኩል «ሱታ፣ ሱታ» እያለች ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው ታራምደኝ ነበር። ከእግሬ ይልቅ የከበደኝ ፍርሃቱ ነው፤ ከኋላዬ ሰው ሲሮጥ ከሰማሁ አጥር እይዝ ነበር። በአራተኛው ወር ግን በአንድ ክራንች ብቻዬን ታክሲ ተሳፈርኩ። የዚያን ቀን ገለቴ አለቀሰች፤ እኔ ሳቅሁ።

3. ግንቦት 15 ቀን «ለሦስት ወር ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ይሰጣት» የሚል የሐኪም ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። አቶ ተድላ አንብበው ሳይጨርሱ «ገፈርሳ ድረስ ስትንሸራሸሪ ታይተሻል» አሉኝ። ክራንቼን ተቀብለው ከበሩ ኋላ አቆሙና ከላይኛው መጋዘን አንድ እስር ካርቶን እንዳወርድ አዘዙኝ። እምቢ ብል እንጀራዬን እንደማጣ ስላወቅሁ ወጣሁ። ስወርድ ካርቶኑ እግሬን ጋረደብኝ፤ ደረጃው መደገፊያ የለውም። ጉልበቴ ከዳኝ። ባልደረባዬ ቢታንያ ልታነሳኝ ስትሮጥ «ተያት፣ ራሷ ትነሳ» አሏት። ሠራተኛው ቆሞ እያየ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አልተነሳሁም። አቶ ተድላ ሰዓታቸውን አይተው ምሳ መድረሱን ለሠራተኛው ነገሩ።

4. ግንቦት 17 ቀን «ለሥራው ብቁ ስላልሆነች» በሚል ደብዳቤ ተሰናበትኩ። በዚያው ቀን የተጻፈው የአደጋ ሪፖርት ደግሞ «ፍጹም ጤነኛ ሆና ሳለ በራሷ ግድየለሽነት ወደቀች» ይላል። ሁለቱንም የፈረሙት አቶ ተድላ ናቸው። ሐኪሙ ጅማቱ ዳግም መበጠሱን፣ አሁን ቢጠገንም እንደ መጀመሪያው እንደማይሆን ነግረውኛል። ዛሬ ከቤቴ ደፍ የምወርደው ቁጭ ብዬ እየተንሸራተትኩ ነው።

ስለዚህ ስንብቱ ተሽሮ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ እንዲሰጠኝ፣ ፋብሪካው እንዲያሳክመኝ፣ «በራሷ ግድየለሽነት» የሚለው ቃልም እንዲሰረዝልኝ እጠይቃለሁ። ቢታንያ ልትመሰክርልኝ ፈቅዳ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ መጥታ ልጆች እንዳሏት ነግራኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አልተቀየምኳትም። ሌላ ምስክር ግን የለኝም።

ጽሕፈት ቤትዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ማመልከቻውን በገለቴ እጅ ልኬአለሁ። ቃሌን እንድሰጥ ከተፈለግሁ፣ ከታች ከጥበቃው ዘንድ ሆኜ የሚወርድልኝን ሰው እንድጠብቅ ይፈቀድልኝ።

ውሳኔዎን በመጠበቅ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የወይንሐረግ ይገዙ
(ፊርማ)