የእድራችን ጥሩምባና የዘርጋው ማኅተም

ይድረስ ያለ ጥሩምባ ለሸኘሁህ ለባሌ ለወልዴ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። እዚህ ሮቢት ላይ ማሽላው ተዘርቶ፣ ወፍ ተጠብቆ፣ ተወቅቷል። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ራስህን ውቀስ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው፣ እንዳንተ ግትር። የጣሊያን ካሚዮን የሚያስነሳው አቧራ ደጃችንን አልብሶታል፤ ጠርጌ ጠርጌ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።

ዘርጋውም ደህና ነው። ምን ይሆናል እሱ! ያው ለመቃብር አንድ አካፋ አፈር ሳያነሳ ለንፍሮ የሚቀድመው ዘርጋው፣ ዛሬ የእድራችንን ስም በማኅተም አስቀርጾ እንደ ቃጭል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ጣሊያን ቢሮ ገብቶ የእድሩ ሹም እኔ ነኝ ሲል፣ አይደለህም የሚል ወረቀት በማንም እጅ አልነበረማ!

እዚህ ላይ አንተንም ልውቀስህ። ጠላት ሳይመጣ፣ የራሳችን መንግሥት ባለበት ጊዜ፣ ያ የአልዩ አምባው ነጋዴ ወዳጅህ እድራችሁን በሕግ አስመዝግቡ፣ ስሙም ጥሩምባውም ድንኳኑም የእድሩ ተብሎ ይጻፍ፣ ዳኛው ቢሞት እድሩ አይሞትም እያለ ለምኖህ ነበር። ዳኛው አንተ፣ ሳቅህበት። የሚያውቀን ያውቀናል አልከው። ወይ አንተ! የሚያውቁንማ ያውቁናል፤ ማኅተም የሚያስፈልገው ለማያውቀንና ለሌባ መሆኑን እንዴት አጣኸው?

ጥሩምባ ሲነፋ የጎረስከውን ሳትውጥ ትሮጥ ነበር። አንድ ቀን ማን ሞተ ብዬ ብጠይቅህ ተቆጣኸኝ፤ ማን ሞተ አይባልም፣ መጀመሪያ ይወጣል፣ እዚያ ሲደረስ ይታወቃል አልከኝ። የክርስቲያኑም የእስላሙም ደንብ ይኸው ነበር። ዘርጋው የሸጠው ይህንኑ ደንብ ነው። ማኅተሙን አሳይቶ ከቤታችን የወሰደውን ጥሩምባ አንድ ጠዋት አስነፋ። እናንተም ማን ሞተ ሳትሉ አካፋችሁን ይዛችሁ ወጣችሁ። ሬሳ የለም፤ ካሚዮን ቆሟል፤ ጭነው ወሰዷችሁ። አካፋ ይዛችሁ መምጣታችሁ ደግሞ ለጣሊያኑ መንገድ ሥራ ተመቸው!

ከመንገዱ ወባ ይዘህ ተመለስክ፤ ብዙም አልቆየህልኝ። ስንቱን የቀበርከውን አንተን የሸኘንህ እኔ፣ ቄሱ፣ የእድራችን ሽማግሌ ሼህ አደምና ሁለት ጎረቤቶች ነን። ጥሩምባው ያኔ ዘርጋው ቤት ነው፤ ቢነፋስ ማን ይወጣል? ሰዉ ጥሩምባ ሲሰማ ጫካ መግባት ለምዷል። ሞትህስ የእግዜር ነው፤ አንጀቴን የሚበላኝ ይሄኛው ነው።

በጥር የዘርጋው እናት እትዬ አስካለ ሞቱ። ነፋ፣ እንደ እብድ ነፋ። በሩ ሁሉ ዝግ። ጣሊያኖቹን ሰው ስጡኝ ብሏቸው ነበር አሉ፤ ሲስቁበት ዋሉ። ከሼህ አደም ጋር ስንደርስ የቃሬዛውን ራስጌ ይዞ ቆሟል፤ ግርጌውን የሚይዝለት የለም። ማኅተሙ ደረቱ ላይ ይወዛወዛል። እትዬ አስካለ ግን የእድራችን ሰው ናቸው፤ ስለ እሳቸው ስንል ጎረቤት ቀስቅሰን ቀበርናቸው። አፈሩ እንደተመለሰ ጥሩምባውን ከትከሻው ላይ አወረድኩት። ማኅተሙን ሊያሳየኝ ዳዳው። ያዘው፣ ሬሳ ሲሸከምልህ እናያለን ብዬው ሄድኩ። ምራቄን እንኳ አላባከንኩበትም።

ደንባችንን በቄሱና በሼህ አደም ፊት አጽፈን ሁላችንም በጣታችን ፈርመናል። ይህ ጠላት ይሄዳል። በሄደ ማግስት በመንግሥታችን ቢሮ ደጅ ቀድማ የምትቆመው ሴት እኔ ነኝ። እድራችን በገዛ ስሙ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዘርጋው ቢነሳ የምናሳየው ይኖረናል። የመጀመሪያው ዳኛ ወልዴ ተብሎም ይጻፋል፤ ብትስቅም ይጻፋል።

ትናንት ሙት ዓመትህ ነበር። ማለዳ ጥሩምባውን አስነፋሁ። መንደሩ ጭጭ አለ። ኋላ የሼህ አደም ሚስት ወገባቸውን ታጥቀው ወጡ፤ ከዚያ አንድ በር፣ ከዚያ ሌላ በር። ማን ሞተ ያለ አንድ ሰው የለም። መቃብርህ ዘንድ ሲደርሱ፣ ወልዴ ነው፣ ዘግይተን ነው አልኳቸው። ያን ዕለት የሞትክ ያህል አለቀሱልህ፣ የኔ ጌታ። ከእንግዲህ ጥሩምባው ለማንም ቢነፋ፣ እኔ ከቤቴ የምወጣው መጀመሪያ ላንተ ብዬ ነው።

ሚስትህ