የሚስተር ዌንደል ሸክላና የቶቢ መርዶ

ሰኞ፣ ኦክቶ. 7/2013፣ ከቁርስ በኋላ፣ አሌክሳንድሪያ

ደም ግፊት ደህና። ኪኒን ተውጧል። የዘፈን ሸክላው እንደ ወትሮው፣ ሁለተኛው ፊት ብቻ። የማስታምማቸው ሚ/ር ዌንደል ሳይሰሙት ቁርስ አይቀምሱም። አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ሳያልቅ ማቆም ክልክል ነው፣ ቤት ቢቃጠልም።

ዛሬ ዘፈኑ መሃል ላይ ስልክ ጮኸ ደብተሬ። የማነሳው እኔ ነኝ፣ ሽማግሌው ስልክ በደንብ አይሰሙም። የቶቢ፣ የድሮ የዘፈን ጓደኛቸው፣ ልጅ ናት፣ ከኖርዝ ካሮላይና። ቶቢ ትናንት አረፉ። ለሚ/ር ዌንደል ንገሪልኝ አለች። እሺ አልኩ። ዘጋሁ። ሳሎን ውስጥ ሸክላው ላይ ቶቢ ይዘፍናሉ፣ በዚያ በወጣት ድምፃቸው። ሽማግሌው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ማን ነው አሉኝ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ነው አልኩ።

ምን ላድርግ? የልብ ኦፕራሲዮን ካደረጉ ወር አልሞላቸውም። ቤቱ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ። ሰው በሌለበት መርዶ እንዴት ይነገራል? የቁርሱ አጃ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ። ጨርሰው በሉት።

ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እትዬ ብርቄ ጋ ወጣሁ፣ ከላይ ፎቅ። በዚህ ህንጻ መርዶ ያለሳቸው አይነገርም። ገና ሳልጨርስ ጮኹብኝ። «ለልብ ሕመምተኛ? ብቻሽን? ልትገድያቸው ነው እንዴ!» ማለዳ ይሁን፣ ሰው ይኑር፣ እኔም እመጣለሁ አሉ። ቀብሩ እንደሆነ አልፏል፣ ምን ያስቸኩላል?

እውነት ነው። እሑድ የሞተ ሰው ሰኞ ተቀብሯል። የፊታችን እሑድ ማለዳ ልንሄድ ተስማማን። ቀለል አለኝ።

ልጄ ሳሮን ሰማችን። «ማም፣ ጃስት ቴል ሂም!»፣ በቃ ንገሪያቸው፣ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እዚህ የተወለደ ምን ያውቃል።

ረቡዕ፣ ሽማግሌው ሲያሸልቡ

ጠዋት ከሸክላው በኋላ ሽፋኑን አቀበሉኝ። ሁለት ከሲታ ወጣቶች፣ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው። ረጅሙ ቶቢ ናቸው። ሚ/ር ዌንደል ስቲል ጊታሩን ታቅፈዋል። ያ ጊታር አሁንም አልጋቸው ሥር ነው፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ። በብረት እያንሸራተቱ ሲመቱት እንደ ማሲንቆ ያላዝናል።

ያኔ ካንትሪን፣ የአሜሪካ ገጠሩን ዘፈን፣ ከሮክ ከበሮ ጋር የሚያጋባ እብድ ይባል ነበር አሉኝ። ካንትሪ ወዳዱ ከበሮው ረበሸኝ አለ፣ የሮክ ልጆች የገጠር ዘፈን ነው ብለው ሳቁ። ሸክላው ከሁለት ያጣ ሆነ። ሱቅ ውስጥ አቧራ ጠጣ። ግን ሸክላውን በድብቅ የገዙ ልጆች ነበሩ፣ ያንኑ ዘዴ ይዘው ዓለምን ዞሩ። ማንም የእነሱን ስም አላነሳም። አይቆጭዎትም ወይ አልኳቸው። ቶቢ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ይበቃናል አሉ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አሁን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። እሱም ብቻውን መቅረቱን አያውቅም። እሑድ ሩቅ ነው።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ሐሙስን እንዴት ረሳሁት? በየሳምንቱ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቶቢ ይደውላሉ። እኔው ነኝ ስፒከር ላይ የማደርግላቸው። ሽማግሌው ለስልክ ጢማቸውን ተላጭተዋል! ሸሚዝ ቀይረው፣ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ሰዓቱ ሲያልፍ ምናልባት ጉንፋን ይዟቸው ይሆናል አልኩ። ሳቁብኝ። «ቶቢ ቢያመው ቶሎ ነው የሚደውል፣ ለማማረር።»

ጮኸ። ፊታቸው በራ። ቀድሜ አነሳሁና ወደ ኩሽና ሮጥኩ። የቶቢ ልጅ ናት። ቅዳሜ ይመጣሉ ወይ አለችኝ። ለምኑ አልኩ። ለቀብሩ ነዋ።

ደብተሬ፣ አልተቀበሩም! ቅዳሜ ነው ቀብሩ። እዚህ አገር ሰው ሳይቀበር ቀናት ይቆያል፣ ማን ነገረኝ? ስንት ዓመቴ ነው እዚህ? ሸክላው ላይ ያለውን የመጨረሻ ዘፈን በስቲል ጊታሩ ሚ/ር ዌንደል እንዲመቱላቸው ቶቢ ተናዝዘው ነበር። ከእሳቸው ሌላ የሚችለው የለም አለች። እስካሁን አልነገርኳቸውም ስላት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሳሎን ስመለስ እሱ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ። እስከምወጣ ድረስ ስልኩ ከጭናቸው አልተነሳም።

ሐሙስ፣ ምሽት

እትዬ ብርቄ ደረታቸውን መቱ። «እስከ ቅዳሜ? የት ነው የሚያስቀምጧቸው?» ከዚያ ተነስተው ጥቁር ነጠላቸውን ከቁም ሳጥን አወጡ። ነገ ማለዳ እንነግራቸዋለን አሉ።

ቀብሩ ኖርዝ ካሮላይና ነው፤ ኤጀንሲው ደግሞ ደንበኛን በግል መኪና ከስቴት ማውጣት ይከለክላል። ቢያውቁ ያባርሩኛል። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ሳሮን አለችብኝ። ልባቸውስ መንገድ ላይ ቢቆም? ሐኪማቸው ጋ ደወልኩ፣ እያረፉ ከሄዱ ይችላሉ አሉኝ። እሳቸው እሺ ካሉ እኔው ነድቼ እወስዳቸዋለሁ። የመኪናዬን ኋላ አራገፍኩ፣ ጊታሩ እንዲገባ። ሳሮን የኋላውን ወንበር ግማሹን አጠፈችልኝ። እኔም እመጣለሁ አለች፣ በአማርኛ።

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በራቸው ላይ

መኪና ውስጥ ነኝ፣ ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ። ብርድ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በከንፈራቸው ይጸልያሉ። ሸክላው ተጀምሯል፣ እስከ ውጭ ይሰማል። እስኪያልቅ እንጠብቅ አልኩ፣ ሳያልቅ አያቆሙትም።

መጋረጃው ተገለጠ። አዩን። እኔን በእረፍት ቀኔ፣ ልጄን፣ አንዲት የማያውቋቸውን ጥቁር የለበሱ አሮጊት፣ በዚህ ሰዓት። እጄን አነሳሁ። አላነሱልኝም።

መርዶ በማለዳ ተሰብስቦ የመንገርን የእኛን ወግ ማንም አልነገራቸውም።

ሸክላውን አቆሙት። ቶቢ ገና እየዘፈኑ ነበር። በሩ እየተከፈተ ነው ደብተሬ፣ ልውረድ።