የሐይቁ ጉብኝት የተራዘመበት ሳምንት

ሰኞ

የሥራ ባልደረባዬ ካቶ የሐይቁን ጉብኝት አሁንም አራዘመው። ባለፈው ወር ቀኑን ያዝኩ፣ አራዘመው። ለዚህ ሳምንት ያዝኩ፣ አራዘመው። "መንገዱ ተቆፍሯል ሲስተር፣ ትንሽ ይቆየን" አለኝ፣ ስልኩን እያየ።

የትኛው መንገድ? የቢሮው ሹፌር ቅዳሜ በዚያው ደርሶ መጥቷል፤ ስለ ቁፋሮ ያነሳው ነገር የለም።

በባትሪ የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች በብዛት የሚመረቱበትን አካባቢ መምረጥ አለብን። ተጣርተው ሁለት ቀርተዋል፦ እዚህ ካምፓላ፣ ከፖርት ቤል ወደብ ወዲያ ያለው የሐይቅ ዳር፣ እና ድሬዳዋ። ካቶ ተወልዶ ያደገው ፖርት ቤል ነው። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ይህን ያቀደ ሰው ካለ ቀልደኛ ነው።

ሻይ ልቀዳ ስገባ ካቶና ሌሎቹ ባልደረቦቼ ወሬያቸውን አቋረጡ። ምናልባት ጨርሰው ነበር። ምናልባት።

ማክሰኞ

ለሁለቱ ቦታዎች የሰጠሁትን ነጥብ እንደገና አየሁት። መብራት፦ ሐይቁ ይሻላል። ወደብ፦ ድሬ፣ ባቡሩ ጅቡቲ ያደርሳል። የእጅ ሙያ፦ ሐይቁ፤ ካትዌ፣ የብረት ሠራተኞቹ ሰፈር፣ ሄጄ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ሲያጥፉ አይቻለሁ። ንጹሕ አየር፦ ለሐይቁ ሙሉ ነጥብ።

ለምን ሙሉ? አየሩን መቼ ለካሁት?

ክንፉ የሚሠራው ከካርቦን ጨርቅ ነው። እየተደራረበ በሙጫ ይጣበቃል። በድርቦቹ መሀል የገባ ጉድፍ ዓመታት ቆይቶ አየር ላይ ጉድ ሊያፈላ ይችላል። የተቀጠርኩት ይህን ለማወቅ ነው። ታዲያ ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት ለአገሯ አደላች እንዳይሉኝ ይመስለኛል። ወይም እንዲህ ብዬ ራሴን ደግ እያደረግሁ ነው። ሰሞኑን ራሴንም አላምንም።

ረቡዕ

ለማንም ሳልናገር ከሥራ በኋላ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ይዤ ወረድኩ። መንገዱ አልተቆፈረም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሐይቁ ላይ ጭስ ቆሞ አየሁ። ጥቁር፣ ረጅም። ጀልባ የሚቃጠል መስሎኝ ሞተረኛውን ልጅ አቁም አልኩት። ሳቀብኝ።

"ትንኝ ነው ማዳም። ጨረቃ ስትጠፋ ይብሳል። አፍሽን ዝጊ።"

በጊዜ አልዘጋሁም። ጸጉሬ ውስጥ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ ምላሴ ላይ። ቤቴ ንቲንዳ ኮረብታው ላይ ነው፤ እዚያ አምፖል ሥር የሚዞሩ ጥቂት ብቻ ናቸው የማውቃቸው። ሙጫ የተቀባ ቁራጭ ጨርቅ ይዤ ነበር፣ አቧራውን ልሞክርበት። አጥር ላይ ዘረጋሁት። ሳነሳው ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ መስሏል።

ቤት ገብቼ የጨረቃዋን ቀን ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ካቶ የሰረዛቸው ሁለቱም ቀኖች ጨረቃ የምትጠፋባቸው ናቸው።

ሁለቱም።

ሐሙስ

በርበሬ ልገዛ ባለሱቁ ከድር ጋ ገባሁ። የጅማ ልጅ ነው፣ ካምፓላ ያለ ሐበሻ ወሬ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል።

"ኢንጅነር! ያ የባትሪ አውሮፕላን ድሬ ሊሠራ ነው አሉ። ወላሂ፣ የመጀመሪያው ጭነት ጫት ነው!"

"ማን አለ?"

"ሰው ነዋ።"

"የቱ ሰው?"

"ውይ አንቺ ደግሞ! ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?"

ትንኙን ነገርኩት። ካቶ እንደደበቀውም። ሳቁን አቆመ።

"ብትናገሪ ለአገሯ ብላ ነው ይሉሻል።"

"ዝም ብልስ?"

"ዝም ብትዪማ እኔ አልሳፈርበትም፣ አንቺው ተሳፈሪበት" ብሎ በርበሬውን መመዘን ጀመረ።

ዓርብ

ጨርቁን ስብሰባው ላይ ይዤ ገባሁ። ኃላፊያችን ዶክተር ናሙሊ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔ ካቶን ነበር የማየው።

"ቀኖቹን የሰረዝከው ይህን እንዳናይ ነው?" ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

"አዎ" አለ።

ለውሸት ነበር የተዘጋጀሁት።

"ሁለቴም ጨረቃ የምትጠፋበትን ሳምንት የመረጥሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። "አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። ሐይቁን በክፉ ቀኑ ልታሳያቸው ነው ብዬ አሰብኩ።"

ቀኑን የያዝኩት የወር ሪፖርት ባለቀ ማግስት ሥራ ስለሚቀለኝ ነው። ወር በወር፣ በዚያው ሰሞን። ይህንኑ ተናገርኩ። ጮክ ብዬ ስለው ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ዶክተር ናሙሊ መነጽራቸውን አወለቁ። "ትንኝ በድርብ በርና በማጣሪያ ይከለከላል፤ ወጪው ይታሰብበት። እናንተን የማጣራበት ግን የለኝም።" የሐይቁን ሪፖርት እኔ እንድጽፍ፣ ድሬን ካቶ ሄዶ እንዲያይ አዘዙ። በሚቀጥለው ሳምንት ይበራል።

ቅዳሜ

ጠዋት ከካቶ መልእክት፦ "ድሬዳዋ ምን ልይ?"

ወጥመድ ይሆን? እርቅ? ልብስ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

እዚያ የታጨልን መሬት ከደረቁ ወንዝ አይርቅም። አሁን ቢሄድ የሚያየው አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይሻገረዋል። ክረምት ላይ ግን ደጋው ይዘንባል፣ ከተማው ፀሐይ እየሞቀ ጎርፉ ድንገት ይመጣል። የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሪፖርታችን ውስጥ የለም። ማንም አልጠየቀኝም። ካቶንም ስለ ትንኙ ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ዝም ብል ፋብሪካው ከእናቴ ቤት በባጃጅ ይደረሳል። በየሳምንቱ አያታለሁ። ይህን መመኘት ማድላት ነው? ነው መሰለኝ።

አመሻሽ ላይ ጻፍኩለት። "አሁን አትሂድ፣ ነሐሴ ላይ ሂድ። የማይሆን ከሆነ ክረምት ላይ ጎርፉ የወንዙ ዳር ግንብ ላይ እስከ የት እንደደረሰ እንዲያሳዩህ ጠይቅ።"

ወዲያው አነበበው። መጻፍ ጀመረ። አቆመ። ጀመረ።

"ለምንድን ነው የምትነግሪኝ?"

እስካሁን አልመለስኩለትም። አልተቀየምኩትም። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምጠይቀው።