ሲሞቅ የሚጠፋው ድምፅ

ማክሰኞ

ዛሬም ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ፒክአፗን ጠዋት ሳስነሳት ጀምራ 18 ማዞሪያ እስክደርስ አላቆመችም። ከዚያ ጭጭ። ባሌ ደሬ መኪና አይነዳም፣ በመጨነቅ ግን የሚያህለው የለም። ማታ ታላቅ ወንድሙን ጠራ። ጋሽ መኮንን ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ፣ ሞተሩ አልቋል፣ መንገድ ላይ ሳትቆምባችሁ ሽጧት ብለውን ሄዱ።

እኔ ልሸጣት አልፈልግም። እሷን ከመግዛታችን በፊት ድንቼንና ጎመኔን ለማስጫን የሰው መኪና እየለመንኩ ነው የኖርኩት። ዝናብ ሲመታኝ፣ ጎመኑ ሲጠወልግብኝ። ይቺን መኪና እወዳታለሁ፣ በቃ።

ረቡዕ

ደሬ አልሰማኝም፣ ደላላ አመጣ። ያውም እሷኑ ለእኛ ያሻሻጠውን! ቅዳሜ ጠዋት ገዢ ይዤ እመጣለሁ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ እኛ ከመድረሳችን በፊት አንድ ዙር ነድተሽ አሙቂያት» አለኝ። ትንሽ እንኳ አላፈረም።

ደሜ ፈላ። ልናያት የሄድን ዕለትም ኮፈኗ ትኩስ ነበር። ደሬ ፀሐይ ነው ሲለኝ አመንኩት። በጠዋት፣ ያውም በክረምት! ለካ አሙቀው ነው የሸጡልን።

ንዴቴ ሲበርድልኝ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያለቀ ሞተር ሲሞቅ እንዴት ይሻለዋል?

ሐሙስ

ገበያው ጀርባ ያለው መካኒክ ከድር ጋ ወሰድኳት። እስክደርስ ሞቃ ድምፅ የለም፣ ሐኪም ቤት ሲደርስ እንደሚሻለው በሽተኛ። አፈርኩ። ጠዋት ጠዋት ነው የምትጮኸው አልኩት። ያለቀ ሞተርማ ሲሞቅ ይብስበታል፣ ይሄ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ቀዝቅዛ ልስማት አለኝ። እዚያው ትደር ብዬ በታክሲ ተመለስኩ። ደሬ ደጁ ባዶ መሆኑን ሲያይ አኮረፈ። እኔም ቅር አለኝ።

ዓርብ

ተገኘ! ጭሱን ከሞተሩ ወደ ማርሚታ የሚያወጣው ብረት የታሰረበት አንዱ ብሎን ተሰብሯል፣ መጋጠሚያውን የሚደፍነው ጓርኒሲዮንም ተቃጥሏል። በዚያች ክፍተት ጭሱ ሲያመልጥ ነው ቀጭ ቀጭ የሚለው። ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ክፍተቱ ይደፈናል። ከድር ጥላሸቱን በጣቴ አስነካኝ። ሞተሩ ጤነኛ ነው! ቀይሮ እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሜ ዋልኩ።

ለደሬ ነገርኩት። ጠዋት እንሰማታለን አለ። ደላላውን ግን አትምጣ አላለውም። ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ

ማንም አላሞቃትም። ደላላውና ገዢው ፊት አስነሳኋት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እሷ ግን ቀጭ የለ፣ ምን የለ። ደላላው በአድናቆት አየኝ። በደንብ ያሞቅኳት መስሎታል። ገዢው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዞር ዞር ብለው አይተው ወደዷት። «በል ልጄ፣ የመጨረሻውን ንገረኝ» አሉት ደሬን።

ደሬ መሬቱን አየ፣ እኔን አየ።

«መኪናዋ የሷ ናት፣ እሷን ይጠይቋት» አላቸው።

አትሸጥም አልኩ። ላለፋናቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁና፣ እኔም ብሆን አልሸጣትም አሉኝ። ደላላው ተነጫነጨ፣ ይነጫነጭ።

ደሬ ገብቶ ጎኔ ተቀመጠ፣ ጎመን ልንጭን ወጣን። እስከ ማዞሪያው ሁለታችንም ጆሯችንን ቀስረን ዝም። ምንም የለም። ከዚያ የደሬ ሆድ ጮኸ። ለካ ቁርስ አልበላንም።