የጸሎተ ሐሙስ ቦታዬ

ሂኾን፣ መጋቢት አጋማሽ

ለልጄ፦

ክረምቱን እንዴት ወጣሽው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? በረዶ ላይ መውደቅሽን ከሰው ሰማሁ፤ ከአንቺ ብሰማው ይሻለኝ ነበር። ባልሽስ ደህና ነው? አክስትሽ አቅፋ ትስምሻለች። ስለ እኔ ጤና የምጽፈው የለኝም። እበላለሁ፣ እራመዳለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ።

እናትሽን ቀብረን እኔ ወደ አክስትሽ ቤት ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆነ። ይህ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው። ስልክ ልደውል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በስልክ አንቺም እኔም ቶሎ እንጮሃለን። ፊደል የቆጠርኩት በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ስለሆነ ጽሑፌ ሻካራ ነው፤ ቢሆንም አይጮህም።

ወደ ድሮ ከተማችን፣ ዛሞራ፣ ልመጣ ነው፤ ለሁለት ቀን ብቻ። በሕማማት ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ እገባለሁ፤ ዓርብ ጠዋት እመለሳለሁ። ጣቢያ ድረስ ማንም እንዳይመጣ። ከተማውን አውቀዋለሁ፤ የመንገዱን ግማሽ ድንጋይ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። አልጋም ይዣለሁ፤ ከገበያው ጀርባ፣ ወይዘሮ ካሲልዳ ዘንድ። በስልክ «ልጅዎ እዚሁ አለች አይደል? ምነው እኔ ዘንድ?» አሉኝ። «የሚያከራዩት አልጋ ነው ወይስ ጥያቄ?» አልኳቸው። «እርስዎ ሰውዬ መቼም አይለወጡም!» ብለው ሳቁ። አልጋው ተያዘ።

የምመጣበትን ጉዳይ ልንገርሽ።

ያን ዓመት፣ እናትሽ በሕይወት ሳለች፣ የሕማማቱን ዑደት በሚያካሂደው ማኅበራችን ጉባኤ፣ ሴቶች በጸሎተ ሐሙስ ዑደት ከእኛ ጋር ይሂዱ አይሂዱ የሚለው ነገር የተነሣው በአንቺ ማመልከቻ ነበር። ተነሥቼ «አያቶቻችን ያልሠሩትን በር እኛ ግድግዳ አፍርሰን አንከፍትም» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። አንቺ ከኋላ ቆመሽ «አባዬ፣ አንተ እኮ ግንበኛ ነህ፤ በር ማውጣት ሥራህ አይደለም እንዴ?» አልሽ። ሰው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ እንደ ልማዳችን በባቄላ ድምፅ ሰጠን። ነጩ «ይሁን»፣ ጥቁሩ «አይሁን»።

ጸሐፊው ማሰሮውን ገልብጦ ቆጠረና «አልተቀበልነውም» ብቻ አለ። ቁጥሩን አላነበበም። አንቺም ከተማው በሙሉ የጠላሽ መስሎሽ ወጣሽ። እኔ ግን ከጠረጴዛው አጠገብ ነበርኩ፤ በዓይኔ ቆጥሬዋለሁ። ጥቁሩ ነጩን የበለጠው በአንድ ባቄላ ነው። ከማን እጅ እንደወጣ መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ይህን እናትሽ ሳታውቅ ሞተች። «ሰው ሁሉ በልጄ ላይ እንዲህ ይጨክናል?» እያለች ስታለቅስ፣ እኔ ፊቷ ተቀምጬ የነጭ ሽንኩርት ሾርባዬን እጠጣ ነበር። «ሁሉም አይደለም» ብላት ይበቃ ነበር። አላልኳትም። ከሠራሁት ሁሉ የሚከብደኝ ይህኛው ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ማኅበሩ ደንቡን ለወጠና ሌሎች ሴቶች ገቡ። አንቺ ግን አልገባሽም። ጓደኛዬ ኤውቲሚዮ፣ አሁን የማኅበሩ አለቃ የሆነው፣ «አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ አልገባም» ማለትሽን ነግሮኛል። እልኽሽን ከየት እንዳመጣሽው ማንም አይጠይቅሽ።

አሁን ከበሩ ላይ ተነሥቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ለኤውቲሚዮ ደወልኩለት። «አንተ በቅሎ፣ ገና አለህ እንዴ?» አለኝ። አንድ ሽማግሌ የማኅበር አባል በሕይወት ሳለ ቦታውን ለልጁ መልቀቅ እንደሚችል የሚለውን አንቀጽ ራሱ እንዲያነብልኝ አደረግኩ። «ለእሷ? አንተ? ለመሆኑ ሐኪም አይቶሃል?» አለኝ። «አይቶኛል። አንተ ወረቀቱን ፈርም» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ፈርሞ ላከልኝ።

ቦታው ከመስቀሉ ኋላ በግራው ረድፍ ሦስተኛው ነው፤ አያትሽ ይሄድበት የነበረው። ነጩን ቀሚስና ፊት የሚሸፍነውን ሹል ቆብ ይዤልሽ እመጣለሁ። አክስትሽ አጥባዋለች። አንቺ ከእኔ በአራት ጣት ስለምትረዝሚ የቀሚሱን ጫፍ ፈትቼ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ስፌቱ የግንበኛ ስፌት ነው፤ እንዳትስቂብኝ። የማኅበራችን ሰው ሲሞት በቀሚሱ እንደሚቀበር ታውቂያለሽና «አንተስ?» ትዪኝ ይሆናል። እሱን አታስቢው። ግራጫው ሙሉ ልብሴ አለ። ትናንት ለካሁት፤ ወገቡ ሰፍቶኛል። አክስትሽ «ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ላስጠብበው» አለችኝ። «የተኛ ሰው ወገብ ማን ይለካል?» አልኳት። ኩሽና ገብታ እስከ እራት ድረስ አልወጣችም።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ጠብቀሽ እስከዚህ አንብበሽ ከሆነ፣ ጽፌ የሰረዝኩባቸው ወረቀቶች ምድጃው ውስጥ ናቸው። እጄ አልለመደውም። በብዙ ነገር አሁንም ከአንቺ ጋር አልስማማም፤ ስለዚያች ባቄላ ግን የምከራከርበት አፍ የለኝም።

ካልፈለግሽ ቀሚሱን ኤውቲሚዮ ዘንድ አኖረዋለሁ። ቦታውም በዚያ ሐሙስ ባዶውን ይሄዳል እንጂ ሌላ ሰው አይገባበትም። ይህን አስፈርሜዋለሁ። ከፈለግሽ ደግሞ ሐሙስ ከምሳ በፊት ወይዘሮ ካሲልዳ ቤት ነይ። ብዙ አናወራም። ልብሱን ትለኪያለሽ፣ እኔ ጫፉን አያለሁ፣ ትሄጃለሽ።

ከሰዓት በኋላ የባልቦራስ ቁልቁለት አናት ላይ፣ ከሰው ጋር ከዳር እቆማለሁ። ፊታችሁን ሁላችሁም ትሸፍናላችሁ፤ እኔ ግን እለይሻለሁ። ቀኝ እግርሽን እንደ እናትሽ ወደ ውጭ ትወረውሪያለሽ። ስታልፊ እንዳትቆሚ፤ ቆብሽንም እንዳታነሺ። በዑደት መሐል የሚቆም ሰው ረድፍ ያበላሻል። የመቆሙ ነገር የእኔ ነው። መንገዱን ወርደሽ እስክትታጠፊ ድረስ መቆም እችላለሁ፤ ሐኪሙንም የጠየቅኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ቤትሽን በሰላም ይሙላው። ለእኔ ያሰበውን ዕድሜ ለአንቺ ይጨምርልሽ።

አባትሽ