በመንዙማ መሸነፍ

ሰኞ፣ ሰመራ
ሙቀቱ ላፕቶፔን ሊያቀልጠው ነው፤ ታሪካዊ ሥራዬ ግን አይቋረጥም። በአክስቴ በዘይነባ ሻይ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሰካሁት የሙዚቃ ጌም ይዞ የመጣው ዘፈን ሁሉ የፈረንጅ ነው። ቀስቶች ከላይ ይወርዳሉ፣ ምቱን ጠብቀህ ቁልፍ ትጫናለህ። የራስን ዘፈን ማስገባት ይቻላል፤ ቀስቱን አንድ በአንድ በእጅ መደርደር ነው። ስለዚህ የዜማ ቤተ መዛግብት መሥርቻለሁ። ዳይሬክተር፦ እኔ። ሠራተኛ፦ እኔ። ማራገቢያ፦ የለም።

ማክሰኞ
የጋላፊ መስመር የጭነት መኪና ሹፌሩ ሙሳ ገዋኔ ሰርግ ላይ በስልኩ የቀዳውን የአፋር ጭፈራ አመጣልኝ። ውስጡ ፍየል አለ። የከባድ መኪና ክላክስም አለ። «ክላክሱም ላይ ቀስት አድርግ፣ የኔ ነው» አለኝ። አደረግሁ። ሳይስት የሚመታው እሱን ብቻ ነው።

ረቡዕ
ወሎ ሳለን የተቀዳ መንዙማ አስገባሁ። መሪው ባዜመ ቁጥር አንድ ቀስት። ሙሳ ሞከረ፣ ወደቀ። ሻይ ሊጠጣ የገባው ልብስ ሰፊም ወደቀ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ተሸንፈሃል»። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነኝ፣ በኩራት። አክስቴ ከጓዳ ወጥታ አነበበችው።
«በመንዙማ የሚሸነፍ ሰው ደግሞ ዛሬ አየሁ። እስከ ጁምዓ አስተካክለው፤ አለዚያ ይህን ነገር ከቤቴ ታወጣልኛለህ።»
ቴሌቪዥን ያለው ሌላ ዘመድ የለኝም።

ሐሙስ
ሁሉም እንዴት ይወድቃል? ስመረምር ዋልኩ። ተጫዋቾቹ ቀስት በሌለበት ይጫናሉ፣ ያውም ሁሉም እዚያው አንድ ቦታ ላይ። ቢቸግረኝ አክስቴን ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየላጠች፣ «አንተ ልጅ፣ መሪው ሲያዜም ይደመጣል እንጂ ማን ያጨበጭባል? ጭብጨባው ስንቀበል ነው» አለችኝ። ለካ የተከበሩ ዳይሬክተር መሪውን ሲያቋርጡ ኖረዋል። ቀስቱን ሁሉ ነቅዬ ተቀባዮቹ ላይ ተከልኩ። ቀዩንም ጽሑፍ ሰረዝኩ።

ጁምዓ
ከሶላት መልስ ሙሳ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ የጓዳው በር ላይ ቆመች። መሪው አዜመ፤ ቤቱ ዝም። ተቀባዮቹ ሲገቡ ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ። ሙሳ ቴሌቪዥኑን ትቶ የአክስቴን እጅ እያየ ይጫን ጀመር፤ አንድም አልሳተ። ሲያልቅ እጇን በሽርጧ ጠራረገች።
«ይህን ቴሌቪዥን ወደ ግድግዳው አስጠጋው» አለች። «የሚያጨበጭብ ሰው ቦታ ይፈልጋል።»
ጌሙ እንዲቆይ ፈቃድ ይሁን ወይስ ዕቃ ማስተካከል ብቻ፣ እንጃ። አስጠጋሁት።