አባ ያላዩዋቸው ጨዋታዎች

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ሽንኩርቱን ሸጥን። ጥርም ሆኖ ሙቀቱ አይምርም። ሳጥን ሳስተካክል አሮጌው ራኬቴ ወጣ። ክሩ ረግቧል። አባን አስያዝኳቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በጣታቸው ዳበሱና «ወንፊት ነው?» አሉ። ሳቅኩ... ከዚያ ከፋኝ። ሰባት ዓመት የሜዳ ቴኒስ ሻምፒዮን የነበረች ልጅ አባት፣ ራኬት ወንፊት ሲመስላቸው!

ዓርብ፣ ጥር 9

የዓይን ሐኪሞች ሊመጡ ነው። ለሦስት ቀን፣ ሞራ በነጻ ሊገፍፉ። እህቴ ፈሪሃ የአባን ስም አስመዘገበች። እምቢ አሉ። ለምን? «ይብቃኝ» ብቻ። ፈሪሃ ቢላዋ ፈርተው ነው ትላለች። አባ? ግመል እግራቸውን ሲረግጣቸው እንኳ ትንፍሽ ያላሉ ሰውዬ?

ሰኞ፣ ጥር 12

ወደ መንግሥት እርሻው የሠራተኞች ክበብ ሄድኩ። የቴኒስ ሜዳው አለ። ማሽላ ተሰጥቶበታል። ጋሼ እዮኤል፣ የእርሻው መካኒክ፣ እዚህ ነበር ያስተማረኝ። ከሱብሒ ሰላት በኋላ እንጀምራለን፤ ረፋድ ላይ ሲሚንቶው ጫማ ያቀልጣል። ኳሶቻችን ፀጉራቸው አልቆ እንቁላል መስለው ነበር። ነጭ ሱሪና ሻርፕ እናቴ ሰፋችልኝ፣ አላህ ይማራትና። እንዴት ደስ ይል ነበር...

ሰማንያ ዘጠኝ ላይ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ አዲስ አበባ የመጀመሪያ ውድድሬ። አባ አብረውኝ መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የመታሁት ሁሉ ከመስመር ውጪ። ስድስት ለዜሮ፣ ስድስት ለዜሮ። ስንመለስ አባ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ፣ ጨለማውን ተገን አድርጌ አለቀስኩ።

ጋሼ እዮኤል በኋላ ገባው። ደጋ አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ይበራል፣ የቆላ እጅሽን ቀንሺ አለኝ። ደብረ ብርሃን እህቱ ቤት ወር ተለማመድኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! አባ ግን አንድም ቀን አልመጡም። ዋንጫ ሳመጣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ይሄዳሉ። በዚያች ሽንፈት አፍረውብኛል። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማስበው።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ሐኪሞቹ ነገ ይጀምራሉ። አባ አሁንም እምቢ። ንዴቴ የቆየውን ጎትቶ አወጣው።

«ያኔም ሊያዩኝ አልፈለጉም፤ አሁንም አይፈልጉም» አልኳቸው። ለአባት እንዲህ ይባላል? ምላሴ ይቆረጥ።

መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው ከባድ እንደሆነ ነገሩኝ። በጎረቤት ጊደር ተደንቀው በሳምንቱ እንደሞተች... ከዚያ ስለ እኔ።

«ነጭ ለብሰሽ ስትገቢ አንጀቴ ራሰ። ከዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ ማለቱን ረሳሁ። ከዚያ ኳሱ ሁሉ ውጪ። በዓይኔ በላሁሽ፣ ናፊሳ። ሁለተኛ ላላይሽ ማልኩ። ሞራው ሲመጣ እሰየው አልኩ፤ ከእንግዲህ ማንንም አልጎዳም።»

ሃያ ስምንት ዓመት! የአየሩን ነገር እኮ ነግሬያቸው አላውቅም። ለአባት የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። እኔ ረስቼው ሳሸንፍ፣ እሳቸው ጥፋቱን ተሸክመው ኖሩ። አሁን ነገርኳቸው፤ ደጋ ኳስ እንደሚበር፣ እጄ ቆላ እንደለመደ።

«ዓይን ሐቅ ነው» አሉ።

«ሐቅ ነው አባ። ያን ቀን ግን አየሩ ነው።»

ከዚያ ስንቱን እንዳሸነፍኩ ጠየቁኝ። ከመጀመሪያው ዋንጫ ጀምሬ ጨዋታ በጨዋታ ነገርኳቸው። መግሪብ አዛን ሲል ገና አራተኛው ዓመት ላይ ነበርን።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ጠዋት ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ሐኪሞቹ ወዴት ናቸው?» አሉ።

እሑድ፣ የካቲት 9

አንዱ ዓይናቸው በደንብ ያያል። ፊቴን አይተው «አረጀሽ እኮ» አሉኝ። እናቴን መሰልኳቸው መሰለኝ፣ ትንሽ አለቀሱ።

ማሽላ ያሰጡት ሰዎች ግማሹን ሜዳ ለቀቁልኝ። በመረብ ፈንታ ገመድ ወጠርኩ። አባ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ትከሻዬ ያመኛል። ለዋንጫ ስጫወት እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ብስትስ? አባ ሦስት ጊዜ ማሻአላህ አሉ፣ ጮክ ብለው።

መታሁ። ኳሱ መስመሩን በአንድ ክንድ አልፎ ማሽላው ውስጥ ገባ።

ዞሬ ለማየት ፈራሁ። ስዞር እጃቸው ወደ መነጽራቸው እየሄደ ነው። ዓይናቸውን ሊሸፍኑ ነው አልኩ። አወለቁት።

«ይቺስ የራስሽ ጥፋት ናት» አሉ። «ድገሚ።»